የጵርስቅላ ምስጋና

ጵርስቅላ ፊልሙን የሠራችው አንድ ዓመት ሙሉ ተንከራታ ነው። የልብስ ስፌት ፋብሪካ ሠራተኞች ሥራ ስላቆሙበት፣ ተማሪዎችም ወጥተው አብረዋቸው ስለተሰለፉበት ሳምንት የሚተርክ ዘጋቢ ፊልም። ገመናውን ሁሉ የዘረገፈችላት ሰርክ ናት፤ ዛሬም እዚያው ፋብሪካ ትሰፋለች። አድማውን ያስተባበረችው እሷ መሆኗን አለቆቿ ካወቁ እንጀራዋ አበቃ፣ እናቷም ጦም አደሩ ማለት ነው።

«ማንም አያውቅሽም፣ ቃሌ ነው» ብላታለች ጵርስቅላ። እውነትም ፊቷን አደበዘዘች፣ ድምፅዋን የወንድ አስመሰለች።

ቅዳሜ ከሰዓት፣ ፈረንሳይ ለጋሲዮን በተከራየችው አዳራሽ ፊልሙ ታየ። የፋብሪካው የሰው ኃይል ኃላፊ አቶ ለይኩን ሳይቀሩ መጥተው ፊት ወንበር ላይ ጉብ ብለዋል። ጵርስቅላ እንዲያውም ደስ አላት፤ ይስሙ! ሰርክ ምስጢሩን ካልነገረቻቸው ከእናቷ ከእማማ አገርነሽ ጋር ከኋላ ተቀምጣለች። ፊልሙ ሲያልቅ ጭብጨባው ቀለጠ።

ከዚያ ስክሪኑ ላይ ምስጋናው መጣ። ይሄ የኛ ነገር! ሰውን በስሙ ካላመሰገንን እንቅልፍ አይወስደንም። ጵርስቅላም ማንም ቅር እንዳይለው ብላ፣ በጥድፊያ ሁሉንም ደርድራ ነበር። መኪና ያዋሳት፣ ሻይ የጋበዛት፣ ማን ቀረ? ቀጥሎ በትልቁ ወጣ፤ «እውነቱን በድፍረት ለነገረችን ለሰርክ ታደሰ፣ ስፌት ክፍል።»

ኧረ ጉዴ! ፊቷን ደብቄ ስሟን? ጵርስቅላ ሮጣ ፕሮጀክተሩ ፊት ተገተረች። ስሞቹ ቀሚሷ ላይ እየተንሸራተቱ ወጡ። አቶ ለይኩን ስልካቸውን እየነካኩ ነው። አላዩትም! ጌታ ሆይ፣ አላዩትም!

«እልልልል!»

እማማ አገርነሽ ናቸው፤ ብድግ ብለዋል። «የኔ ልጅ ናት! ስሟን አያችሁ? ሰርኬ እኮ ናት!»

ሰርክ የእናቷን አፍ በእጇ ልትይዝ ተንጠራራች፤ አልደረሰችም። አቶ ለይኩን ቀስ ብለው ዞሩ። እናትና ልጅን ተራ በተራ አዩ።

«ሰርክ» አሉ በትህትና፣ «ሰኞ ማሽን ላይ ከመቀመጥሽ በፊት ቢሮዬ ብቅ በይ።» ወጥተው ሄዱ።

ሰርክ ወንበሩ ላይ ዘጭ አለች። እማማ አገርነሽ ግን በሰው መሀል እየተጋፉ መጥተው የጵርስቅላ አንገት ላይ ተጠመጠሙ።

«ቢሮ ተጠራችልኝ!» አሉ ጉንጯን እያገላበጡ እየሳሙ። «ልጄን ለወግ ለማዕረግ ያበቃሽልኝ አንቺ ነሽ፤ እድሜ ይስጥሽ!»