የዓረፋ ስጦታ

ጠጋኙ ከድሮ የላፕቶፑ ስክሪን ላይ አፍጥጦ ወሬውን አቋረጠ። ቡታጅራ መናኸሪያ አጠገብ ኮምፒዩተር የሚጠግን፣ ወሬ የማያልቅበት ሰው ነው፤ ማቋረጡ የላፕቶፑን ባለቤት ሃፊዛን አስፈራት።

"ቲቸር፣ ይሄን ማን ጫነልሽ?"

"ምኑን?"

"የምትጽፊውንም የምታወሪውንም፣ በካሜራው የሚታየውንም እየለቀመ ለሌላ ሰው የሚልክ ፕሮግራም ነው። ላፕቶፑ ሳትነኪው የሚያጓራው፣ የኢንተርኔት ፓኬጅሽም ሳትጠቀሚበት የሚያልቀው ለዚህ ነው።"

"ለማን ነው የሚልከው?"

ከድሮ የሚላክበትን ኢሜይል አድራሻ አሳያት። የባሏ የአብዱልሃፊዝ ነበር።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ የገዛ ቤቷን ጉድ ከመናኸሪያ ሰማች። አብዱልሃፊዝ ዓመቱን አዲስ አበባ ሲነግድ ከርሞ ለዓረፋ አገሩ ሲገባ፣ ሌላው ለሚስቱ ሻሽ ሲያመጣ እሱ ላፕቶፕ ይዞላት መጣ። ሰፈሩ "ባል ማለት እንዲህ ነው" አላት። እሷም ይህንኑ ብላ ነበር፣ ሞኟ።

ትናንት ወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ ስላገኘችው የማስተርስ ቦታ ስትደውል፣ "ትቼዋለሁ ብለሽ በኢሜይልሽ ጽፈሽልናል፤ እስከ ነገ በአካል ቀርበሽ ካላስረዳሽ ለሌላ ይሰጣል" አሏት። እሷ አልጻፈችም። ቫይረስ ይሆናል ብላ ወደ ከድሮ የመጣችው ለዚህ ነበር። ስለ ትምህርቱ ለባሏ ትንፍሽ አላለችም፤ እሱ ግን ሁሉን እያወቀ በየማታው ደውሎ "ምን አዲስ ነገር አለ?" ይላት ነበር። ከስለላው ይልቅ ይህቺ ጥያቄ አንገበገበቻት።

"ላጥፋልሽ?" አለ ከድሮ ዓይኗን እየሸሸ።

"ተወው።"

ግቢዋ ስትደርስ በቀጥታ ወደ አማቷ ወደ ባሂራ ክፍል ገባች። ላፕቶፑን ከፍታ ፊት ለፊታቸው አስቀመጠችው።

"ምንድነው ልጄ?"

"በዚህ አብዱልሃፊዝ ያየናል፤ የምናወራውንም ይሰማል።"

አሮጊቷ ደስ ብሏቸው ሻሻቸውን አስተካከሉ። "አሰላሙ አለይኩም ልጄ። ደህና ነህ? ምነው፣ ፊቱ የታለ?"

"እሱ ነው እንጂ የሚያየን፣ እኛ አናየውም።"

"ተደብቆ?" ባሂራ ቅር አላቸው። "በገዛ ቤቱ የሚደበቅ ምን የሠራ ሰው ነው?"

"እሱን ራሱን ይጠይቁት፣ እማ። እየሰማዎት ነው።"

አማቷ ወደ ስክሪኑ ጠጋ ብለው ልጃቸውን በስሙ ሲጣሩ፣ ሃፊዛ የትምህርት ማስረጃዋን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ባትሪው አልቆ እንዳይዘጋባቸው ገመዱን ሰካችላቸውና የወልቂጤ መኪና ፍለጋ ወጣች።