የሐሙስ ዳዊት

ደብሪቱ ጠዋት ስትነሣ መጀመሪያ የምታደርገው ስፒከሩን መክፈት ነው። ቀጥላ እሳት ታያይዛለች፤ አጥሚቱን ትጥዳለች። ሞላሌ ላይ ውርጩ ገና ከሣሩ አልተነሣም። አማቷ እማሆይ ኮከብ የበግ ጠጉር ባናቸውን ተከናንበው መደቡ ላይ ይቀመጣሉ። ስፒከሩ በባዕድ ሴት ድምፅ ከስልኩ ጋር መገናኘቱን ይናገራል።

«ፈረንጇ ተነሣች» ይላሉ እማሆይ። «ዳዊት አትደግም፣ ግን ከሁላችን ቀድማ ትነቃለች።»

ከዚያ የገሠሠ ድምፅ ይመጣል።

ገሠሠ የደብሪቱ ባል፣ የእማሆይ ልጅ ነበር። ከሞተ ዓመት ሊሞላው ነው። የእናቱ ዓይን ከፈዘዘ ጀምሮ በየማለዳው የዕለቱን ዳዊት የሚያነብላቸው እሱ ነበር፤ የሰኞውን ሰኞ፣ የማክሰኞውን ማክሰኞ። ታሞ ወደ ደብረ ብርሃን ሐኪም ቤት መመላለስ ሲጀምር የሳምንቱን ሁሉ ስልኩ ላይ ቀዳው። ሲሄድ ስልኩን ለእናቱ ትቶ፣ እሱ ባለ ቁልፏን አሮጌ ስልክ ይዞ ይሄድ ነበር። ከሞተ ወዲህም ስልኩ ከመደርደሪያው አልወረደም። ደብሪቱ ቻርጅ ታደርገዋለች፤ ብሉቱዙን አታጠፋውም።

ለሙት ዓመቱ ታናሽ እኅቱ አመተሥላሴ ከራቤል መጣች። ገና እግሯን ሳትታጠብ ቤቱን በዓይኗ ዞረችው።

«እትዬ፣ ኮቱ አሁንም እዚሁ ነው?»

«እዚሁ ነው።»

«የሟች ልብስ ለነፍስ አባቱ ይሰጣል እንጂ ምስማር ላይ ዓመት ይከርማል? ጫማውም ይውጣ። ስልኩም።»

«ስልኩም?»

«ታዲያ ስልክ ዕቃ አይደለም? መምሬ ገብረ አማኑኤል ስልካቸው ተሰብሮ በሰው ስልክ ነው የሚደውሉት። ለነፍሱ ይሆነዋል።»

ደብሪቱ የመከራከር አቅም አልነበራትም። ስታስተምር ውላ፣ ለዝክሩ ብቅል አስፈጭታ፣ ጌሾ አስወቅጣ ነው የምታመሸው። «እሺ፣ ግን እስኪ ድምፁን ወደ እኔ ስልክ ላሻግረው» አለች።

ትምህርት ቤት መምህራኑ የፈተና ጥያቄ የሚቀባበሉት በብሉቱዝ ስለሆነ ሥራው አዲስ አልሆነባትም። የገሠሠ ንባብ ግን ረጅም ነው፤ ቶሎ አያልፍም። ስለዚህ እማሆይ የዕለቱን ሰምተው ሲያበቁ፣ ሁለቱን ስልኮች መደርደሪያው ላይ ጎን ለጎን አድርጋ የዚያን ቀኑን ትልካለች። የሰኞው ሄደ። የማክሰኞውም፣ የረቡዑም ሄደ።

ሐሙስ ዕለት መላኩ ገና ሳይጋመስ የእድር ጥሩምባ ተነፋ። የታችኛው ሰፈር አቶ አወቀ ማረፋቸው ነው። ጥሩምባ ተነፍቶ ቤት የሚቀመጥ የለም፤ እሷ ደግሞ ያለፈው ዓመት ሰው ሁሉ እንዴት እንደደረሰላት ታውቃለች። ነጠላዋን አዘቀዘቀች፤ እንደ ልማዷ ስልኳን አንሥታ ኪሷ ከተተችና ወጣች። ከቀብር ስትመለስ እግሯ ዝሎ ነበር፤ ስልኩን አላየችውም። በማግስቱ የዓርቡን ላከች። ከዚያ የቅዳሜውን፣ የእሑዱን። በልቧ ሁሉም ተሻግሯል።

የሙት ዓመቱ ዋዜማ የገሠሠን ስልክ ይዛ ጓዳ ገባች። ድምፁን ሌላ ሰው እንዲሰማው አልፈለገችም፤ መምሬም ቢሆኑ። ቀብሩ ላይ እንኳ ሰው ፊት ጮኻ ያላለቀሰች ሴት ናት። ያለውን ሁሉ አጠፋችው።

«ምን ትነካኪዋለሽ? እንዲሁ አይሰጥም?» አለች አመተሥላሴ ከበሩ ላይ።

«ላጸዳው ብዬ ነው።»

ዝክሩ ወጣ፤ ካህናቱም ዘመዱም በልተው ጠጥተው ሄዱ። ኮቱ፣ ጫማውና ስልኩ ለመምሬ ተሰጡ። አመተሥላሴም ወደ አገሯ ተመለሰች። ሰኞ ማለዳ ስፒከሩ ከደብሪቱ ስልክ ጋር ተገናኘ፤ ገሠሠም እንደ ወትሮው አነበበ። ማክሰኞም፣ ረቡዕም እንዲሁ።

ሐሙስ ግን ስልኳን ወደ ላይ ወደ ታች ብታገላብጠው የዕለቱን ንባብ አጣችው። በመጨረሻ የብሉቱዙን መዝገብ ከፈተች፤ መቀበሉ ተቋርጧል ይላል። ጥሩምባው የተነፋበት ቀን ነው። ስልኩን ኪሷ ከትታ በሩን ስታልፍ ቆርጣዋለች ማለት ነው።

ነጠላዋን ጣል አድርጋ መምሬ ቤት ሄደች። ስልኩን እንድታየው ሰጧት። የቀረ ነገር አልነበረውም።

«ምን ነበረበት ልጄ?»

«ፎቶ ነው አባ። ምንም አይደል» አለች።

ስትመለስ እማሆይ ከመደባቸው አልተነቃነቁም።

«ዛሬ ሐሙስ አይደለም እንዴ?»

«ሐሙስ ነው፣ እማሆይ።»

«ታዲያ ልጄ ምነው ዝም አለ? ፈረንጇ ከለከለችው?»

ደብሪቱ መደቡ ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«ጠፋብኝ፣ እማሆይ። ወደ እኔ ሳላሻግረው ከሱ ስልክ አጠፋሁት።»

«ሁሉንም?»

«የሐሙሱን ብቻ።»

እማሆይ ባናቸውን ወደ አንገታቸው ሳቡ። «መጽሐፉን አምጪው። አንቺ አንብቢልኝ» አሉ።

አነበበች። ግዕዙ ላይ ምላሷ እየተሳሰረ፣ ወደ ኋላ እየተመለሰች አነበበች።

«አትቸኩዪ» አሉ እማሆይ። «ማን ያባርርሻል?»

ከዚያ ወዲህ ሐሙስ ሐሙስ ስፒከሩ አይከፈትም፤ ደብሪቱ አንብባ ወደ ትምህርት ቤት ትሄዳለች። በሌሎቹ ቀናት ገሠሠ ያነባል። የሐሙስ ድምፁ የለም።