የሰዓዳ ልጅ

ሰርካዲስ በአጥሩ ቀዳዳ ብቅ ስትል እመት አሚና ከአሮጌ ጋቢ የሕፃን መጠቅለያ እየሰፉ ነበር። የልጅ ልጃቸው ሰልዋ ነፍሰ ጡር ናት፤ ሰባተኛ ወሯን ይዛለች። የጎረቤታቸውን ፊት እንዳዩ መርፌውን ጨርቁ ላይ ሰኩት። ደህና ወሬ ሲሆን ሰርካዲስ በበሩ ነው የምትገባ።

«ደግሞ ምን መጣ?»

«ገቡበት አሉ!»

«እነማን?»

«ማዶዎቹ ናቸዋ! ከአማፂዎቹ ጋር ቃል ተሳስረው አብረው ሊወጉን ነው። ሬዲዮው ሲለፍፍ አልሰማሽም? ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ሲሉን ኖሩ፤ እንዲህ ያለውን ጎረቤት እሳት ይብላው!»

በዚያ ሰሞን ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ውስጥ የዚያን ጎረቤት አገር ስም የሚጠራ አልነበረም። ሁሉም «ማዶ» ይለዋል፤ ስሙን አፍ ላይ ማድረግ ራሱ የሚያስጠረጥር ይመስል።

«ያ ረቢ» አሉ እመት አሚና። ሰርካዲስ ባለፈው ጦርነት ልጇን የቀበረች ናትና ብትራገም አልፈረዱባትም። እሳቸውን ያሳሰባቸው ሌላ ነው። የሰልዋ ባል ሀፊዝ ማዶ የተወለደ ነው። በሰባት ዓመቱ አጎቱ ይዞት ተሻገረ፤ ባቲ አደገ፤ አሁን ኮምቦልቻ አንድ ጋራዥ ውስጥ መካኒክ ነው። ሰፈሩ «የባቲ ልጅ» ይለዋል፤ እሱም አላስተባበለም። እውነቱን የሚያውቁት ሰልዋና እመት አሚና ብቻ ናቸው።

ባለፈው ጦርነት ደሴ የተያዘች ጊዜ፣ ሰው ሁሉ ወደ ኮምቦልቻ ሲጎርፍ፣ የእመት አሚና ጉልበት እምቢ ብሎ መንገድ ዳር ቁጭ አሉ። «እናንተ ሂዱ፣ እኔን ተዉኝ» ብለው ነበር። አዝሎ የሐረጎን ቁልቁለት ያወረዳቸው ሀፊዝ ነው። «እማዬ፣ ወላሂ ከአንድ ጎማ አይከብዱም» እያለ፣ እያሳቃቸው።

አመሻሽ ላይ ከሥራ ሲገባ እጁን እስኪታጠብ እንኳ አልጠበቁትም።

«ቦሩ ሜዳ ዘመድ አለኝ፤ እዚያ ትንሽ ሰንብት። ካልሆነም ኩታበር...»

«አብሽሩ እማዬ። የሚጠረጠር የሸሸ ሰው ነው። ደግሞ እኔ ምን አጠፋሁ? እነሱ ሲማከሩ እኔ አይሱዙ ሆድ ስር ተጋድሜ ነበር።»

ሰልዋ አልሳቀችም። «አደራ እማዬ፣ ለማንም እንዳይነግሩ። ለሰርካዲስም ቢሆን።»

«እኔ? ምን ቆርጦኝ!»

ከልባቸው ነበር።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ግን ጭንቀቱ አላስቀምጥ ሲላቸው ሼህ ጣሀ ቤት ወዳጃ ሄዱ። እዚያ የጨነቀው ሁሉ ጉዳዩን ይናገራል፤ የተሰበሰበው ደግሞ ዱዓ ያደርግለታል። የታመመ፣ ልጅ ያጣ፣ በሬ የጠፋበት ይመጣል። ክርስቲያኑም ይመጣል፤ ሰርካዲስ በሩ አጠገብ የራሷ ቦታ አላት። በዚያ ቤት ደንቡ አንድ ነው፦ የሚለመንለት ሰው ከነእናቱ ስም፣ ከነተወለደበት አገር ይጠራል። እዚያ የተነገረ ጉዳይ ከደጃፉ አይወጣም ይባል ነበር። በደጉ ጊዜ እውነትም አልወጣም።

እመት አሚና ደንቡን አንድ ጊዜ አፍርሰው ያውቃሉ። ባለፈው ጦርነት አንድ ልጃቸው በሺር፣ የሰልዋ አባት፣ ሲዘምት ሰው እንዳያውቅ ብለው «ለንግድ ወጥቷል» አሉ። ቤቱ ሙሉ ሰው ለነጋዴ ለመነ። በሺር አልተመለሰም። እስከዛሬ ድረስ ልባቸው አንድ ነገር ላይ ተቸንክሯል፤ ዱዓው በየገበያው ነጋዴ ሲፈልግ ልጄ ጦር ሜዳ ላይ ቀረ፣ ይላሉ።

ተራቸው ደረሰ።

«አሚና፣ ምን ገጠመሽ?» አሉ ሼህ ጣሀ።

«የሰልዋ ባል ነው፣ አባቴ። ሀፊዝ፣ የሰዓዳ ልጅ። ከክፉ ይጠብቅልኝ።»

«አሚን» አለ ቤቱ።

«አገሩ?»

«ባ...» ብለው ቃሉ አፋቸው ላይ ደረቀ። ዱዓው ባቲ ወርዶ በየቤቱ ሲያንኳኳ፣ ሀፊዝ የሚባል የሰዓዳ ልጅ አጥቶ ባዶውን ሲመለስ ታያቸው። በሺርም ታያቸው።

«ማዶ ነው» አሉ።

ጫት ሲቀነጥስ የነበረው ሁሉ እጁን ሰበሰበ። ሼህ ጣሀ መቁጠሪያቸውን ጨበጥ አድርገው «የትም ይወለድ የአላህ ባሪያ ነው፤ ይጠብቀው» አሉ። አሚን ተባለ፤ እንደ ወትሮው ግን ቤቱን አልሞላውም። ከወደ በሩ የሚመጣው የሰርካዲስ «አሜን» ጨርሶ አልተሰማም። ሲያበቃ እንደ ልማዷ ክንዳቸውን ደግፋ አልወሰደቻቸውም፤ ቀድማ ሄዳለች።

«ምን አስለመኑ?» አለች ሰልዋ ቤት ሲገቡ።

«በሰላም እንድትገላገይ ነዋ።»

ቅዳሜ ሀፊዝ ከኮምቦልቻ አልተመለሰም። ስልኩ ዝግ ነው። የጋራዡ ባለቤት ተደውሎለት፣ ሦስት ሰዎች መጥተው ለጥያቄ ብለው ወሰዱት አለ፤ ከዚያ በላይ መናገር አልፈለገም። እሑድ ጠዋት ሁለቱ ሴቶች ምሳ ዕቃ ይዘው በሚኒባስ ወረዱ። ጠይቀው ጠይቀው ሰው ተይዞበታል ከተባለ ግቢ ደረሱ። በሩ ላይ የቆመው ጠባቂ ለጋ ፊት ያለው፣ ትሑት ልጅ ነው።

«ማንን ፈልገው ነው እማማ?»

«ሀፊዝን። የባቲ ልጅ ነው» አሉ እመት አሚና፣ ሰልዋን ቀድመው።

ጠባቂው በጣቱ ወረቀቱን ወረደበት። «የባቲ የሚል የለኝም። ሀፊዝ የሚባል አንድ ነበር፤ እሱ ግን የማዶ ነው። የሰዓዳ ልጅ ይላል።»

ሰልዋ ሆዷን ይዛ ቆመች። መታወቂያው ላይ የአባትና የአያት እንጂ የእናት ስም የለም። ሰዓዳ ማዶ ሞታ ማዶ የተቀበረች ናት። ሀፊዝ እንኳ ስሟን የሚያነሳው ከስንት አንዴ ነው።

«የእናቱን ስም ማን ነገራችሁ?»

«እኔ የተጻፈውን ነው የማነበው እህቴ።»

ሰልዋ ቀስ ብላ ወደ አያቷ ዞረች።

«ለዱዓ ነው» አሉ እመት አሚና። «ለዱዓ ነው ልጄ። እንዳይስተው ብዬ...»

ጠባቂው አንዴ አንዷን አንዴ ሌላዋን አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ምግቡን ይመልሱት እማማ። ትናንት ከሌሎቹ ጋር በመኪና ተወስዷል። የት እንደሆነ ለእኛም አልተነገረን።»

ሲመለሱ ሰልዋ ሄዳ ከሹፌሩ ጎን ተቀመጠች። እመት አሚና ከኋላ፣ የምሳ ዕቃውን ጭናቸው ላይ አድርገው። ገና ለብ ያለ ነው። ሚኒባሱ ሐረጎን ሲያጋምስ ያቺን መታጠፊያ አዩዋት፤ ሀፊዝ አውርዷቸው፣ ትንፋሹን ሰብስቦ፣ እንደገና ያዘላቸው እዚያ ነው።

የሹፌሩ ሬዲዮ ስለ ማዶ ያወራል። መሐል የተቀመጡ አንድ ጠና ያሉ ሰው እጃቸውን ዘርግተው «ማዶ የተባለውን ሁሉ ዘሩን ያጥፋልን!» አሉ።

«አሚን!» አለ ሚኒባሱ።

የሰባ ዓመት ልማድ ነውና የእመት አሚናም አፍ ተከፈተ። ቀና ሲሉ ሰልዋ በሹፌሩ መስታወት ውስጥ አፋቸውን እያየች ነበር።