የእህቴ ልጅ ናት

በዚያ ሰፈር ሌባ ሳይሻል አይቀርም ነበር። ሌባ አፍሮ፣ ጨለማ ጠብቆ ይመጣል፤ አከራይ ግን በጠራራ ፀሐይ በር አንኳኩቶ ነው የሚገባው ይሉ ነበር። ይህን የሚለው ደግሞ ተከራዩ ብቻ አልነበረም። የወረሰው ቤት ውስጥ በነፃ የሚኖረውም፣ ነገ ሁለት ክፍል ሠርቶ ለማከራየት ብሎኬት የሚያጠራቅመውም ይህንኑ ይላል። ባለ ሱቋ ከባንኮኒዋ ጀርባ ሆና የአከራይን ነገር ካነሳች፣ ዳቦ ሊገዛ የቆመው ሁሉ የሆዱን ያወጣል፤ አንዱ መብራት እንዳጠፉበት፣ አንዱ እንግዳ እንደከለከሉት፣ አንዱ ልጅህ አለቀሰ ብለው እንዳስወጡት። ውሸታቸውን ነው ለማለት አይቻልም። ብዙው እውነት ነበር።

ለሐሜቱ ማሳያ የሚሆን ሰውም አላጡም። መታጠፊያው ላይ ተርታውን የተሠሩ ክፍሎች የሚያከራይ፣ ቁልፎቹን ቀበቶው ላይ አንጠልጥሎ የሚዞር ሽማግሌ ነበር፤ ባለ ቁልፉ ይሉታል። ሲመጣ ከሩቅ ስለሚንሿሿ፣ ሰላምታ መስጠት ለማይፈልግ ሰው ፊቱን የሚያዞርበት ጊዜ ይሰጠዋል። አንድ ክረምት አራስ በዝናብ አስወጣ ተብሎ ተወራበት። እሱ አራሷ ራሷ እናቷ ቤት ልትታረስ ሄዳ ነው ይላል። ማን ሰምቶት?

የግንበኛው ሚስት በዚህ ዓለም ከምትፈራው ሁሉ አንደኛው እንደ ባለ ቁልፉ መታየት ነበር። ሟቹ ባሏ የሰፈሩን እኩሌታ በእጁ ያቆመ ሰው ነው፤ ለደሃ በነፃ ይገነባል፣ ለሀብታም በልኩ ያስከፍላል፣ ማንንም አታሎ አያውቅም። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል እንዲሉ፣ እሱ አፈር ሲለብስ ስሙ እሷ ጋ ቀረ። እትዬ ይሏታል፣ ከመቀመጫቸው ይነሱላታል፣ ወረፋ ያስቀድሟታል። እሷም በዚያ ስም ትሞቃለች። ስም ግን ዘይት አይገዛም። ጡረታው ወሩ ሳይጋመስ እያለቀ ሲያስቸግራት፣ ውጭ ያለው አንድ ልጇም ለራሱ አልሆነለት ሲል፣ ባሏ የሥራ ዕቃውን ያስቀምጥባት የነበረችውን የጓሮ ክፍል ጠራርጋ ልታከራይ ቆረጠች።

የመጣችላት ተከራይ የሆስፒታል ልብስ አጣቢ ነበረች፤ በረኪና ጣቶቿን የላጣት፣ ስትናገር ድምፅዋ የማይሰማ፣ ወጣት። የግንበኛው ሚስት ክፍሏን አሳየቻትና ከኪራዩ በፊት ሌላ ነገር አነሳች። ሰው ማን ናት ቢለኝ የእህቴ ልጅ ናት ነው የምለው፤ አንቺም አክስቴ በይኝ አለቻት። አጣቢዋ ደስ አላት። "እሺ አክስቴ፣ እርስዎ ካሉ" ስትል፣ የእህት ልጅ አክስቷን አንቱ አትልም ብላ አረመቻት። ልጅቷ ይህን ፍቅር ነው ብላ ወሰደችው። ብቻዋን ከሩቅ የመጣች ልጅ ሌላ ምን ልትለው ኖሯል?

ውሸትን አንድ ክፍል ከሰጡት ቤቱን ሁሉ ካልያዝኩ ይላል። ባለ ሱቋ የትኛዋ እህትዎ ልጅ ናት ስትል፣ ሩቅ አገር ያገባች እህት ተወለደች። ቆየት ብሎ እህቲቱ ባሏ ሞተባት፣ ቀጥሎም እግሯን ታመመች፣ የሰፈሩ ሴቶችም እህትዎ ተሻላት ወይ እያሉ ይጠይቁ ጀመር። የግንበኛው ሚስት ወንድሞች እንጂ እህት ኖሯት አያውቅም። መዋሸቱ ግን ከብዷት አያውቅም፤ እንዲያውም አንዳንዴ ለእህቷ እግር ከልቧ ታዝን ነበር።

የጓሮዋ ክፍል መስኮት የላትም፤ ለአካፋና ለባልዲ ማን መስኮት ያወጣል? በመንገዱ በኩል ከጣሪያው ሥር ግን ጡብ የምታህል የአየር ቀዳዳ ነበረቻት። ግንበኛው አውቆ ነው የተዋት። ቤት እንደ ሰው ነው፣ ካልተነፈሰ ይታመማል ይል ነበር፤ ያለ ቀዳዳ ሠርቶም አያውቅም። አመሻሽ ላይ አጣቢዋ መብራት ስታበራ ብርሃኑ በዚያች ቀዳዳ ወደ መንገዱ ይወጣል። አንድ ቀን ባለ ሱቋ እየሳቀች፣ ያን ሁሉ ክፍል ይዘው የእህትዎን ልጅ ዕቃ ቤት ነው እንዴ የሚያሳድሯት አለቻት። ቀልድ ነበር። የግንበኛው ሚስት ግን የገዛችውን ባንኮኒው ላይ ትታ ወደ ቤቷ ሄደች። ዛሬ የሳቀች ነገ ትጠይቃለች፤ ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነውና እስከዛሬስ ከኋላዬ ምን እየተባለ ይሆን እያለች ስትብሰለሰል አደረች።

በማግስቱ አጣቢዋ ሥራ ስትሄድላት ሲሚንቶና አሸዋ አቦካች፤ የባሏን የልስን ማንኪያ ከተቀመጠበት አወጣች። ሌላ ሴት ብትሆን ቀዳዳውን በጨርቅ ወትፋ ትተወው ነበር፤ ጨርቅ ደግሞ ትንሽም ቢሆን ያሳልፋል፣ ሲደርቅም ይወድቃል። እሷ ግን የግንበኛ ሚስት ናት፣ ዕድሜዋን ሙሉ ስታቦካለትና ስታቀብለው የኖረች። በብሎኬት ስባሪ ጠቀጠቀችው፣ በውስጥም በውጭም ለሰነችው፣ እርጥብ ብሩሽ አሳልፋ አለሳለሰችው። ሲደርቅ ቀዳዳ ነበረ ብሎ የሚምል አይገኝም። እንዲያውም ባሌ ቢያየኝ ይኮራብኝ ነበር ብላ አሰበች። አጣቢዋ ስትመለስ አይጥ እየገባ አስቸግሮ ነው አለቻት፤ ልጅቷም ስለ እኔ ደከምሽ ብላ አመሰገነቻት።

ክረምቱ ጠና። ሆስፒታሉ የሚሰጠው ጋውን አንድ ብቻ ነው፤ ለነገ ንጹሕ ሆኖ መድረስ አለበት፤ ግቢው ውስጥ የተወጠረው የልብስ ማስጫ ሽቦ ላይ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ዝናብ ይንጠባጠባል። አንድ ቀን ማምሻውን አጣቢዋ እርጥቡን ጋውን በክንዷ ይዛ ዋናው ቤት ደጃፍ ላይ ቆመች። ውስጥ የግንበኛው ሚስት ምድጃ ግሏል።

"አክስቴ፣ እዚህ ምድጃው አጠገብ ላስጣው? የት ላስጣው ሌላ?"

የግንበኛው ሚስት መልሷን ማሰብ አላስፈለጋትም። በልቧ የሆነ ቦታ ላይ ለተከራይ ፊት መስጠት አያስፈልግም የሚል ነገር ከባለ ቁልፉ ባላነሰ ተቀምጦ ነበር፤ ዛሬ ጋውን፣ ነገ ድስት፣ ከነገ ወዲያ አልጋ። በደጅ የእህቷ ልጅ ናት፣ ግቢ ስትገባ ተከራይ ናት። የቤት ቀጋ የውጭ አልጋ ማለት ይኸው ነው። ቤቱ ጠባብ ነው አለቻት፤ ጓሮ ያለውን ትንሹን የከሰል ምድጃ ውሰጂና ክፍልሽ አድርቂው። አጣቢዋ እሺ አለች። ደንግጣ ነው መሰል፣ "እግዜር ይስጥልኝ፣ እርስዎ ይግቡ፣ ይበርድዎታል" አለች። በዚያን ቀን የግንበኛው ሚስት አላረመቻትም።

ሲነጋ አጣቢዋ ለሥራ አልወጣችም። የግንበኛው ሚስት አንኳኳች፣ ጠራች፣ ከዚያ ሁለተኛውን ቁልፍ ከአንገቷ አወጣች። እሷም እንደ ባለ ቁልፉ ቁልፍ ነበራት፤ ልዩነቱ እሷ ከልብሷ ሥር ማንጠልጠሏ ነው። በሩ ሲከፈት የታመቀው አየር ፊቷን መታት። ጋውኑ በክር ተሰቅሎ ነበር፣ ከሥሩ ምድጃው አመድ ሆኗል። ልጅቷ በጎኗ ተኝታለች፤ ጉንጮቿ ቀላ ብለው የተኛች እንጂ የሞተች አትመስልም። እጇን ስትነካት ግን ቀዝቅዛለች። የግንበኛው ሚስት መጀመሪያ ያየችው ልጅቷን ነው፣ ሁለተኛ ያየችው ከጣሪያው ሥር ያለውን ያን ያማረ ልስን። ሰፈሩን የሰበሰበውን ጩኸት የጮኸችው ያኔ ነው።

ፖሊስ መጣ፣ የከሰል ጭስ ነው ብሎ ጻፈ፣ በክረምት የተለመደ ነው አለ። ወደ ላይ ቀና ብሎ ያየ አልነበረም። አስከሬኑን ወደ ሆስፒታል ወሰዱት፤ ሴቶቹም የግንበኛውን ሚስት ደግፈው ሳሎኗ ውስጥ አስቀመጧት። እግዜር ያጥናዎት፣ እንደ ልጅዎ አድርገው ነበር የያዟት ይሏታል። እሷም ታለቅሳለች። ያለቀሰችው እውነቷን ነው፤ ለልጅቷ ይሁን ለራሷ ግን መለየት አልቻለችም።

በማግስቱ ጠዋት ባለ ቁልፉም ሊያስተዛዝን መጣ። ማንም ቦታ አልለቀቀለትም፤ በሩ ሥር ቆሞ ነፍስ ይማር አለና ወደ ጓሮ ዞረ። ሲመለስ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጠየቃት።

"እትዬ፣ የኔንም ክፍሎች የሠሩልኝ ባለቤትዎ ናቸው። ያለ ቀዳዳ ሠርተው አያውቁም። የዚያች ክፍል ቀዳዳ የት ሄደ?"

ባለ ሱቋ ቀድማ ብድግ አለች። አንተ ነህ እንዴ የሰው ቤት የምትመረምረው፣ አራስ በዝናብ የጣልክ፣ በሰው ቁስል እንጨት ልትሰድ ነው የመጣኸው አለችው። ሌሎቹም ተቀበሏት፤ እንደሱ ዓይነት አከራይ ቤት ብትገባ ኖሮማ ድሮ ነበር የምትሞተው አለ አንዱ። ገፋ ገፋ አድርገው አወጡት። ቁልፎቹ እስከ መታጠፊያው ድረስ ይሰሙ ነበር። የግንበኛው ሚስት አንገቷን እንደደፋች ቀረች። ተዉት፣ እውነቱን ነው ማለት ትችል ነበር። አላለችም።

ወደ እኩለ ቀን የልጅቷ እናት ደረሰች። ጓደኞቿ ከሆስፒታል ደውለው ነው የነገሯት፤ ጫማዋ በመንገድ ጭቃ ተለውሷል፣ እንባዋ አልቋል። ሰዎቹ እህትዎ እዚህ ናቸው እያሉ እጇን ይዘው አስገቧት። የግንበኛው ሚስት ከመቀመጫዋ ተነሣች። አሁን ይህች ሴት እኔ እህት የለኝም ትላለች፣ የባሏ ስም፣ እትዬ መባሉ፣ ሁሉም ያከትማል። እናትየው ግን ቀጥ ብላ መጣችና አንገቷ ላይ ተጠመጠመች።

"እህቴ" አለች። "በስልክ ሁሌ ስላንቺ ነበር የምታወራኝ። አክስቴ አለችልኝ፣ አታስቢ ትለኝ ነበር። ባንቺ የተነሳ እንቅልፍ ይወስደኝ ነበር።"

የሰማ ሁሉ አለቀሰ። የግንበኛው ሚስት ውሸት ዳነ። ስትፈራው ከኖረችው ነገር ሁሉ ነፃ ወጣች፤ እንዲህ ያለ ነፃነት ግን እንደ ድንጋይ ደረቷ ላይ ተቀመጠ።

እናትየው ልጄ ያደረችበትን አሳዩኝ አለች። ጓሮ ወሰዷት፤ ባለ ሱቋና ሁለት ሴቶች በሩ ላይ ቀሩ። ክፍሏ ውስጥ ምድጃው እንዳለ ነበር፣ ጋውኑም እንደተሰቀለ። እናትየው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ግድግዳዎቹን አንድ በአንድ አየች። ከዚያ፣ ለመክሰስ ሳይሆን ለማወቅ ብቻ፣ ልጇ የሞተችበትን ነገር እንደምትጠይቅ እናት ጠየቀች።

"ለብቻዋ ለምን እሳት አነደደች? አንቺ ቤት እሳት የለም ወይ?"

ይህን ጥያቄ ባለ ቁልፉ ቢጠይቀው ያባርሩት ነበር። እናትን ግን ማን ያባርራል? የግንበኛው ሚስት በሩ ላይ የቆሙትን ሴቶች አየች፤ እንድትመልስ ሳይሆን እንድታጽናና ነው የሚጠብቁት። አንድ ውሸት ብቻ ይበቃት ነበር፤ እምቢ አለች፣ ለምኛት ነበር ብትል ሁሉም ያምናታል። አፏንም ከፈተች። ዓይኗ ግን ልስኑ ላይ አረፈ።

"እሳት አለ። አላስገባኋትም" አለች። "እህትሽ አይደለሁም። አከራይዋ ነኝ።"

"እሱንማ አውቃለሁ" አለች እናትየው። "ነግራኛለች። ባዳ ሆነሽ እንዲያ ማለትሽ ነው ደስ ያሰኘኝ።"

"እዚያ ላይ ቀዳዳ ነበር። የደፈንኩት እኔ ነኝ።"

እናትየው ቀና ብላ አየች። ደጋግማ ብታይም ምንም ምልክት አላገኘችም። "ለምን?" አለች።

"ሰው አከራይ እንዳይለኝ።"

ከበሩ ላይ ባለ ሱቋ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። እናትየው ተነሥታ ጋውኑን ከክሩ አወረደች፣ በታፈነው ክፍል ገና ያልደረቀውን እጅጌውን ጨመቅ አደረገችው፣ መዳፏን አየች።

"አከራይዋ" አለች። ስድብ አልነበረም፤ መጠሪያዋን ከሰማች ወዲያ ሌላ የምትጠራበት ስላጣች ነው። "ይሄ ልብስ አልደረቀም። የት ላስጣው?"

የግንበኛው ሚስት ዋናው ቤት ሮጣ በሩን ወለል አድርጋ ከፈተች። ምድጃው ገና ትኩስ ነበር። ግቢ፣ እዚህ አድርጊው፣ እባክሽ ግቢ አለች። እናትየው ደጃፉ ድረስ መጣች፣ ልጇ በቆመችበት ቦታ ቆመች፣ ውስጡን አየች። አልገባችም። ዞራ ጋውኑን ግቢው ውስጥ ባለው ሽቦ ላይ፣ ከመንገድ በሚታይበት በኩል፣ እጅጌዎቹን ዘርግታ ሰቀለችው። ዝናቡ እያካፋ ነበር። ሥሩ ድንጋይ ላይ ተቀመጠችና አስከሬኑን የሚያመጣው መኪና እስኪደርስ ድረስ እሷም ጋውኑም እዚያው ዝናቡን ሲጠጡ ዋሉ።