አንድ ሰው ብቻ የሚያስገባ በር

ታላቅ እህቴ እትዬ ጥሩሐረግ ካኮረፉኝ አራት ወር ሆኖ ነበር። ነርስ ናቸው። የሚሠሩበት ጤና ጣቢያ መድኃኒት አልቆበት ዝም ማለቱ አናዶኝ ፌስቡክ ላይ ጻፍኩ። የጻፍኩት ሁሉ እውነት ነው፤ ዛሬም አንዲት ቃል አልሰርዝም። ነገር ግን አለቆቹ ወሬው ከማን እንደወጣ ለማወቅ ብዙ አልደከሙም። እትዬን ራቅ ወዳለው ወረዳ ወደ ሰሃላ አዛወሯቸው። እሳቸውም አልሄድም ብለው ሥራውን ተዉና ሰቆጣ ቤታቸው ተቀመጡ።

ተቀምጠው ምን ያደርጋሉ? አንድ ሰው በተተወ የማዕድን ዋሻ ውስጥ ብቻውን ከአውሬ ጋር የሚታገልበት የኮምፒውተር ጨዋታ! የአርባ ስድስት ዓመት ሴት! ጎረቤቱ ሁሉ «ምን ለከፋቸው?» ይላል። እኔን ያበገነኝ ግን ጨዋታው አይደለም፤ ለአንድ ሰው ብቻ መሠራቱ ነው። የቤታቸው በር ቢዘጋ አንኳኳለሁ። እዚያ ዋሻ ውስጥ ግን በየት ልግባ?

ገበያው አጠገብ ኮምፒውተር ወደሚጠግነው ጓደኛዬ ወደ ሚፍታሕ ሄድኩ።

«ሁለት ሰው እንዲጫወተው እናድርገው።»

«የሠሩት ሰዎች ያላሰቡትን?»

«ያላሰቡት ሰንፈው ነው።»

«የኔሰው፣ እዚህ አገር የምትጣላው ሰው አለቀብህና አሁን ፈረንጅ ላይ ዞርክ?»

ቢሆንም የጨዋታው ወዳጆች ኢንተርኔት ላይ የጀመሩትን ኮድ ፈልጎ አገኘ። መብራት ባለ ቁጥር እየሠራን በሦስት ሳምንት ዋሻው ውስጥ ሁለተኛ ሰው አቆምን። ሁለቱ ኮምፒውተሮች በገመድ ይገናኛሉ። ሚፍታሕ ከእህቱ ከረውዳ ጋር አሥር ጊዜ ሞከረው፤ አንድም እንከን አልተገኘበትም።

ኮምፒውተሬን ይዤ እትዬ ቤት ገባሁ። አላናገሩኝም፤ ገመዱን ስሰካ ግን አልከለከሉኝም። ዋሻው ውስጥ ጎን ለጎን ሄደን ከመጀመሪያው የብረት በር ስንደርስ እንደ ልማዴ ቆምኩ። እናታችን ከሞተች ወዲህ ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው፤ ቀድሜያቸው በር አልፌ አላውቅም።

«እርስዎ ይቅደሙ» አልኩ።

ገቡ። በሩ ከኋላቸው ጓ ብሎ ተዘጋ። አውሬው መጣና እኔን በላኝ። እንደገና ጀመርን፤ እንደገና ተበላሁ። በሦስተኛው ትዕግስቴ አለቀ።

«እትዬ፣ ለምን ይዘጉብኛል?»

«እኔ ምን ነካሁ?» አሉ። ድምፃቸውን ከሰማሁ አምስት ወር ሊሞላ ነው።

«እያስበሉኝ ነው እኮ!»

«ይቅደሙ ያልከኝ አንተ ነህ። ስለ መሥሪያ ቤቴ ስትጽፍ ግን ይቅደሙ አላልከኝም።»

ገመዱን ነቅዬ ወጣሁ። መንገዱን ሁሉ ብቻዬን ስከራከር ሄድኩ። ሆን ብለው ነው? ወይስ ኮዱ ነው? በእህቴ ላይ መናደድ አለብኝ ወይስ በሚፍታሕ?

«በር የሚዘጋ ቁልፍ እኮ ጨዋታው የለውም» አለ ሚፍታሕ። «እኛ ጋ ይሠራል።»

«ታዲያ እኔን ብቻ ለይቶ ነው የሚጠላኝ?»

ረውዳ ጣልቃ ገባች። «በሩን እንዴት ነው የምታልፉት?»

ነገርኳት። ሳቋ አላቆም አላት።

«እኛ ተጋፍተን ነው የምንገባው! አውሬ እያባረረው ይቅደሙ የሚል ሰው ዛሬ አየሁ።»

ሚፍታሕ ኮዱን ገልጦ ተመለከተ። ጨዋታው ለአንድ ሰው የተሠራ ነውና አንድ ሰው ከገባ ሁሉም ገባ ብሎ ይዘጋል። ሁለቱም ሳይገቡ እንዳይዘጋ አድርጎ አስተካከለው። እኔ ግን አልጠራልኝም። በሩን የዘጋው ኮዱ ከሆነ፣ እትዬ የተናገሩት ምንድን ነው?

በማግስቱ ከሰዓት ተመለስኩና ስለ ኮዱ ነገርኳቸው። ገመዱን ራሳቸው ሰኩት። በሩ ጋ ደረስን።

«ዛሬ አንተ ግባ።»

«እንዴት ሆኖ፣ እትዬ!»

«ግባ አልኩህ!»

ጣቴ እንቢ እያለኝ ገባሁ። በሩ አልተዘጋም። እሳቸው ግን ደፉ ላይ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ቆሙ። የአውሬው ጩኸት ቀረበ።

«ይግቡ እንጂ!»

መተኮስ ጀመሩ። እየቀጡኝ ነው ወይስ እየጠበቁኝ? የሚፍታሕ በር ክፍት ነው፤ አንድ እርምጃ ቢገቡ ሁለታችንም እንድናለን። አልገቡም። ያለ ሐሳብ ዘልዬ ወጣሁና አጠገባቸው ቆምኩ። አውሬው ሁለታችንንም በላን።

«ምን አባህ አስወጣህ?» አሉ ወደ እኔ ዞረው።

«አላውቅም።»

በቤታችን ቋንቋ በኽምጥኛ ሰደቡኝ። ታርቀናል ወይ ብዬ ልጠይቃቸው አፌን ስከፍት ገመዱን ሳይነቅሉ ጨዋታውን ከመጀመሪያው አስነስተው ወደ ዋሻው መሄድ ጀምረው ነበር።