የፏፏቴው ቅዳሜ

አጸደ በሰው አገር፣ ፓርክላንድስ በሚባል ሰፈር ምግብ ቤት ከከፈተች ሰባት ዓመቷ ነው። በሰባት ዓመት ውስጥ ቤቱ ሦስት ጊዜ ብቻ ተዘግቷል፤ ሦስቱንም ጊዜ ሰው ሞቶ። ባሏ ያረፈ ጊዜ አንድ ሳምንት፣ የአጎቷ መርዶ የመጣ ጊዜ ሦስት ቀን፣ የአስተናጋጇ እናት የሞቱ ጊዜ ደግሞ ግማሽ ቀን። ከዚያ ውጪ ገናም ይሁን ፋሲካ እሷ ከምድጃው አትለይም። ድካሙ አጥንቷ ውስጥ ገብቶ ቤት ሠርቷል። ማታ ጫማዋን ስታወልቅ እግሯ እንደ ቦካ ሊጥ አብጦ ይወጣል።

ልጇ ኪያ ደግሞ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሞላት፤ የሚቀጥለው ሳምንት ማክሰኞ ለትምህርት ሩቅ ወዳለችው የኤልዶሬት ከተማ ልትሄድ ነው። ከመሄዷ በፊት የለመነችው አንድ ነገር ብቻ ነበር።

«ማሚ፣ ዋን ደይ ብቻ። ሆል ደይ ግን። ስልክሽን ዘግተሽ፣ አንቺና እኔ ሆነን ተራራ ወጥተን ፏፏቴ እንይ።»

ይህቺ ቀን ከዚህ በፊት ሦስት ጊዜ ቃል ተገብቶባት ሦስት ጊዜ ፈርሳለች። መጀመሪያ የሰው ሠርግ መጣ፤ ቀጥሎ ወጥ ቤቱን ውሃ ሞላው፤ ሦስተኛውን ምክንያት አጸደ ራሷም አታስታውሰውም። ኪያ ግን ታስታውሳለች። አሁንም አጸደ ለቅዳሜ ቃል ገባች።

የጉዞው አለቃ የምግብ ቤቱ ደንበኛ ጋሽ ዑቅባማርያም ሆኑ። የአስመራ ሰው ናቸው፤ በጉብዝናቸው ዘመን ከአሰብ አዲስ አበባ የጭነት መኪና ሲነዱ ነው አማርኛውን የተማሩት። አሁን ጡረተኛ ሆነው ቫናቸውን እያጠቡ ይውላሉ። መንገድ አምጡልኝ እንጂ ሌላ ነገር አልፈልግም የሚሉ ዓይነት ሽማግሌ ናቸው። የዚሁ ሳምንት ማክሰኞ ከምሳ በኋላ ጥግ ካለችው ጠረጴዛቸው ተቀምጠው፣ በትዕዛዝ መጻፊያው ወረቀት ጀርባ የአበርዴርን ተራራ ሳሉ።

«ቀላል ነው» አሉ፤ «ከመኪና ወርደን ሽቅብ አንድ ሰዓት ተኩል፣ ቁልቁል አንድ ሰዓት። ዳገቱ ዳገት አይባልም። ግን ከቀትር በኋላ ጉም ይወርዳል፤ ጉም ከወረደ ፏፏቴው አይታይም። ስለዚህ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሁላችንም እዚህ በር ላይ።»

ድፎ ዳቦውን የአጸደ ወዳጅ ሚዛን ልታመጣ፣ እንቁላል መቀቀሉና ሻዩ የኪያ እንዲሆን ተስማሙ። ኪያ በማግስቱ ከሚቱምባ ገበያ ልባሽ የተራራ ጫማ ሁለት ጥንድ ገዝታ መጣች። የእናቷ ጫማ ሶሉ በአንድ ወገን ተበልቷል፤ ከአጸደ በፊት የሄደበት ሰው ብዙ ቦታ አይቷል ማለት ነው። አጸደ ጫማውን ገልብጣ አየችና ከልቧ ሳቀች። ከሳቀችም ሰንብታ ነበር።

አርብ ከሰዓት በኋላ ስልክ ጮኸ። ጊጊሪ ካለ አንድ መሥሪያ ቤት ነበር፤ ቅዳሜ ስብሰባ አላቸው፣ ምሳ ሊያቀርብ የነበረው ሰው ከዳቸው፣ ስልሳ ሰው ታበላላቸው ይሆን? አጸደ «እሺ» አለች። አፏ እሺ ብሎ ከጨረሰ በኋላ ነው ልቧ ኪያን ያስታወሰው።

«ኪያስ?» አላት ወጥ ሠሪው ገብሬ።

«ጠዋት እነግራታለሁ። አንተ ሥጋውን ክተፍ።»

ማታ ቤት ስትገባ ኪያ ሁለቱን ጥንድ ጫማ ወልውላ በሩ ሥር ደርድራቸዋለች። አጸደ ጫማዎቹን ተሻግራ መኝታ ቤቷ ገባች። ሌላም የሚያብሰለስላት ነገር ነበር። ደሴ ያሉት እናቷ ከጥምቀት ወዲህ ታመዋል፤ በደወለች ቁጥር ወንድሟ በኃይሉ «ተኝታለች፣ አልቀስቅሳት» ይላታል። አንድ ቀን ተኝታለች ይባላል፤ ሁለት ቀንም ይባላል። በአራተኛው ቀን ሰው ሌላ ሌላውን ማሰብ ይጀምራል።

ከሌሊቱ በአሥር ሰዓት ተኩል ተነሥታ ሳሎን ተቀመጠች። ለኪያ የምትለውን ስታወጣና ስታወርድ አስካሪ የሚሉት የግቢው ዘበኛ በሩን ሲከፍት ሰማች። ቀጥሎ ዝግ ያለ የሰው ድምፅ፣ ቀጥሎ በሩ ቀስ ብሎ ተንኳኳ።

ነገሩ እንዲህ ነበር፦ ሚዛን ማታ ጋሽ ዑቅባማርያምን «ያቺ የደከማት ሴት ምን በጨለማ ምግብ ቤት ድረስ ያስኬዳታል፣ ከቤቷ እንውሰዳት» አለቻቸው። ደግ አሰበች። እንቅልፏን እንዳይረብሹ ብለው ሳይደውሉ መጡ። ብርድ ነበርና ሚዛን ነጠላዋን እስከ አፏ ተከናንባለች፤ ጋሽ ዑቅባማርያም ጥቁር ካፖርታቸውን ደርበዋል፤ ጎረቤት እንዳይነቃ ሁለቱም አንገታቸውን ደፍተው ይንሾካሾካሉ።

አጸደ በሩን ከፈተች። ሳይነጋ፣ ሽማግሌ በጥቁር ልብስ፣ ሴት በነጠላ ተከናንባ፣ አንገት ደፍተው። በእኛ አገር እንዲህ ሆኖ የሚመጣ ሰው አንድ ነገር ብቻ ነው ይዞ የሚመጣው። ማን ብላ ትጠይቅ?

«እናቴን! ወይኔ እናቴን!» ብላ ወለሉ ላይ ወደቀች።

ሚዛንም አልጠየቀችም። ልቅሶ ይለቀሳል እንጂ ማን ነገረሽ አይባልም፤ የእናቲቱን መታመም ደግሞ ታውቃለች። ሌሊት ተደውሎላት ይሆናል አለችና ዳቦውን እንዳቀፈች ደረቷን እየደቃች ገባች። ጋሽ ዑቅባማርያም ባርኔጣቸውን አውልቀው ያነቡ ጀመር። ኪያ በሌሊት ልብሷ ሮጣ ወጥታ እናቷ ላይ ተደፋች። አስካሪው በቋንቋው «ፖሌ ሳና ማማ» እያለ እያጽናና ወንበር አወጣ። ሚዛን በእንባዋ መሃል ለገብሬ ደወለች፤ ገብሬም ወጥ ቤቱን ዘግቶ ሠራተኛውን አስከትሎ ከተፍ አለ። ፀሐይ ስትወጣ ሳሎኑ ሞልቶ፣ ለተራራ የተጋገረው ዳቦ ለለቀስተኛ ተቆርሶ ነበር። ኪያም መንገዱ እንደቀረ ሳታስብ፣ ልብስ ስትቀይር ያንኑ ጫማዋን አድርጋ ሻይ ታዞራለች።

ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ገደማ ኪያ ዓይኗን ጠርጋ «አያቴ መቼ ነው የሞተችው?» አለች።

«እኔ ምን አውቃለሁ» አለች ሚዛን፤ «እናትሽ ናት የምታውቀው።»

አጸደ ቀና አለች። «እናንተ አይደላችሁ እንዴ መርዶ ነጋሪዎቼ?»

«እኛ?» አሉ ጋሽ ዑቅባማርያም። «እኛማ ወደ ፏፏቴው ልንወስድሽ መጣን። አንቺ ጮኽሽ፣ እኛም አለቀስን።»

የጎረሰ ሰው ማኘኩን አቆመ። ኪያ የአጎቷን ቁጥር መታችና ስልኩን እናቷ ጆሮ ላይ አደረገችላት።

«ማነው በጠዋቱ?» አለ የአሮጊት ድምፅ።

«እማዬ! አለሽ?»

«ምን እሆናለሁ? ትናንት ገንፎም በላሁ። ምነው ታለቅሻለሽ?»

«ምንም። ደክሞኝ ነው።»

«ታዲያ የደከመው ሰው ያርፋል እንጂ ምን ያስለቅሰዋል?»

አጸደ ስልኩን ደረቷ ላይ አድርጋ ስታለቅስ፣ ሌላው ሰው ሳቁን ለቀቀው። ሚዛን እስክትንፈራፈር ሳቀች። ከሁሉ ይበልጥ የተደሰተው ገብሬ ነበር።

«እግዜር ይመስገን! እኔማ ያንን የጊጊሪውን የስልሳ ሰው ምሳ ሐዘን ገጥሟታል ብዬ ሰረዝኩት። ወዲያው ነው እሺ ያሉኝ፣ እንዴት ያሉ ደጎች መሰሉሽ። ግን ገና ነው፣ ሥጋው ተከትፏል። ልደውልላቸው?»

«የቱን ምሳ?» አለች ኪያ።

ገብሬ አጸደን አየ።

«የዛሬን?»

«ልነግርሽ ነበር የተነሣሁት» አለች አጸደ። ለመዋሸትም ጉልበት አልነበራትም።

ኪያ አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻል ነበር። «ኦኬ» አለች፤ «ሰው ካልሞተ አትዘጊም ማለት ነው።» ከዚያም ወንበር ላይ ቁጭ ብላ የጫማዋን ማሰሪያ መፍታት ጀመረች።

አጸደ የልጇን ጎንበስ ያለ አንገት አየች። አፈረች፤ ሰው በሞላበት ቤት ሳይሆን ብቻዋን የቆመች ያህል አፈረች። የጊጊሪዎቹ ሰዎች ሞት ሲባሉ የስልሳ ሰው ምሳ በአንድ ቃል ለቀቁላት። እሷም እናቷ ሞታ ቢሆን ሳምንቱን ሙሉ ትዘጋ ነበር፤ ከየትም ከየትም ጊዜ ይገኝ ነበር። በሕይወት ላለችው ልጇ አራት ጊዜ አንዲት ቀን አጣች።

ገብሬ ስልኩን እንደያዘ ይጠብቃል።

«አትደውል» አለችው።

«ኧረ! ሰኞ ሲጠይቁኝ ምን ልበል? እናቷ ተነሡ ልበል?»

«ራሴ ሄጄ እውነቱን እነግራቸዋለሁ። ሥጋውን ለሠራተኛው ጥበስና ብሉ። ቤቱን እንደዘጋኸው ተወው።»

ጋሽ ዑቅባማርያም ሰዓታቸውን አዩ። «አጸደ፣ አሁን ብንነሣ እንኳ ጉሙ ይቀድመናል። ፏፏቴውን አናየውም።»

«ድምፁን እንሰማዋለን» አለችና ልባሹን ጫማ ከበሩ ሥር አምጥታ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ከለቅሶው በኋላ እግሯ ይብስ አብጧል። እያማጠች ከተተችው። ማሰሪያውን ለመቋጠር ሞከረች፤ ጣቶቿ አልታዘዝ አሏት፣ ሁለቴ አመለጣት።

ኪያ አየቻት። ከዚያ የራሷን ማሰሪያ እንደተፈታ እየጎተተች መጥታ ተንበረከከችና የእናቷን እግር ጉልበቷ ላይ አወጣች።

«ጠበበሽ?» አለቻት እያሰረችላት።

«ኧረ ልኬ ነው» አለች አጸደ። ጠቧት ነበር።