እስክደውልልሽ እንዳትሄጂ

አክሱማዊት ያን ቅዳሜ ጠዋት የሠራችውን ስህተት፣ ሰርቨር ከርቀት የሚያስተዳድር ሰው ሁሉ አንድ ቀን ይሠራዋል። አልሠራሁትም የሚል ካለ ወይ ሥራውን ትናንት ጀምሯል፣ ወይ ይዋሻል። ግሩነርሎካ በሚባል የኖርዌይ ዋና ከተማ ሰፈር በተከራየቻት ጠባብ ክፍል አልጋዋ ላይ ተቀምጣ፣ ብሪን በሚባል ሌላ ሰፈር ካሉት አስራ አንድ ሰርቨሮች ወደ አንዱ ገብታ ጥበቃውን ስታጠብቅ፣ «ከውጭ የሚመጣ ማንም አይግባ» ብላ አዘዘች። ማሽኑ ታዛዥ ነውና ዘጋ። ከውጭ ከሚመጡት አንዷ ራሷ መሆኗ ትዝ ያላት ጣቷን ካነሳች በኋላ ነበር። ከዚያ ወዲያ ብትጽፍ፣ ብትጽፍ መልስ የለም።

ጊዜው በፈረንጅ 2009፣ የኖርዌዮች ፋሲካ ዋዜማ ነው። ኖርዌይ በፋሲካ ቤቷ አትገኝም፤ ተራራ ላይ ናት። አለቃዋ ሄልገም ስኪውን ተሸክሞ ስልክ ወደማይሠራበት ጎጆው ወጥቷል። ተረኛ ማን ይሁን ሲባል «የኛ ፋሲካ ገና በሚቀጥለው ሳምንት ነው» ብላ እጇን ያወጣችው ራሷ አክሱማዊት ናት። ከስድስት ወር የሙከራ ጊዜዋ ሦስቱን ጨርሳለች፤ ተፈላጊ ሆና መታየት ነበረባት።

የዘጋችው ሰርቨር ደግሞ አልናብሩ ላሉት መጋዘኖች የጭነት ዝርዝር የሚሰጠው ነው። ከሃያ ደቂቃ በኋላ የፋሲካ እንቁላልና ብርቱካን የሚጭኑ መኪኖች ይሰለፋሉ፤ ዝርዝሩ ከሌለ አንዱም ንቅንቅ አይልም። መድኃኒቱ ቀላል ነበር። አዲሱን ትእዛዝ ገና በቋሚነት አላስቀመጠችውም፤ ማሽኑ ጠፍቶ ቢነሳ ይረሳዋል። ግን የሚያጠፋው እጅ ብሪን መኖር አለበት። በበዓል ትራም ደግሞ ብትከንፍም በሃያ ደቂቃ አትደርስም።

እጅስ ነበር። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል እንዲሉ፣ ያ እጅ የእናቷ የወለተማርያም እጅ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። በጥር ወር፣ ሥራ በጀመረች በመጀመሪያው ቀን፣ ሄልገ ሰርቨሮቹን ሊያሳያት ብሪን ወሰዳት። እናቷ ብሪን አካባቢ አንድ ሕንፃ እንደምታጸዳ ታውቃለች፤ የትኛውን እንደሆነ ግን ጠይቃ አታውቅም። በረጅሙ ኮሪደር ሲያልፉ የጽዳት ጋሪ ቆሟል። እጀታው ላይ የተንጠለጠለው ሹራብ የእናቷ ነው። እናቷም ጀርባዋን ሰጥታ፣ ጎንበስ ብላ ወለል ትወለውላለች። አክሱማዊት ትንፋሿን ውጣ፣ እርጥቡን ወለል ቀስ ብላ ረግጣ፣ ከሄልገ ኋላ አለፈች። «የጽዳቷ ሴትዮ ልጅ» ተብሎ ሥራ መጀመር አልፈለገችም። አፍራለች፤ ምን እናለባብሰዋለን። ለእናቷም «መሀል ከተማ ነው የምሠራው» አለቻት። ከዚያ ወዲህ ብሪን ዝር ብላ አታውቅም። ከርቀት መሥራት ለሚደበቅ ሰው እንዴት ይመቻል!

አሁን ስልኩን አንስታ አየችው፣ አስቀመጠችው፣ እንደገና አነሳችው።

«እማዬ፣ የት ነሽ?»

«ብሪን ነኛ። የነሱ ፋሲካ አይደል፣ ተራውን ሁሉ እኔ ወሰድኩላቸው። ድምፅሽ ምን ሆኗል?»

«ምንም። እማዬ... ኮምፒውተሮቹ ያሉበት ቀዝቃዛ ክፍል አለ አይደል፣ ካርድሽ ይከፍተዋል?»

 «ጃ... አዎ፣ ይከፍተዋል» አለች እናቷ። እንዴት አወቅሽ አላለችም።

«ግቢልኝ። ሦስተኛው ቁም ሳጥን፣ ከታች አራተኛው...»

«አውቃታለሁ።»

«ኧረ ተይ፣ በደንብ ቁጠሪ። ሌላውን ከነካሽ አለቀልኝ!»

«አውቃታለሁ አልኩሽ እኮ። ከታች አራተኛዋ፤ መብራቷ ሰማያዊ ነው። ምን ላድርጋት?»

«ቁልፉን ተጭነሽ እስከ አስር ቁጠሪ።»

ወለተማርያም በስመ አብ ብላ ተጫነች። ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ ልጅ ቁጥር እንደምታስተምር ቆጠረች። አስር ላይ «ጸጥ አለች» አለች፣ ነፍስ ያጠፋች ይመስል በሹክሹክታ።

«አሁን አንዴ ብቻ ጫን አድርጊና ልቀቂው።»

«ተነሳች! እሰይ፣ ተነሳች!»

«እማዬ፣ እስክደውልልሽ እንዳትሄጂ። እሺ?»

«እሺ። ወዴት እሄዳለሁ።»

ማሽኑ ተነሳ፣ በሩን ከፈተላት። የቀረውን አስተካክላ ሳትጨርስ አልናብሩዎች መደወል ጀመሩ። አንዱ ዝርዝሩ ዘገየ ይላል፣ ሌላው ሁለቴ ደረሰኝ ይላል። ሁሉንም አባብላ የመጨረሻው መኪና ከወጣ በኋላ፣ ሻይ ጥዳ ስኳር ስትፈልግ ድንገት እጇ አየር ላይ ቀረ። እናቷን እንዳትሄጂ ካለቻት ሁለት ሰዓት ሊሞላ ነው፤ አልደወለችላትም። ብትደውል ስልኩ ዝግ ነው።

ኮቷን ሳትቆልፍ ወጣች። ትራሙ፣ ከዚያ ባቡሩ፣ ከዚያ የብሪን ዳገት። በመንገዱ ሁሉ ሄዳ ይሆናል፣ መቼም ሄዳለች እያለች ራሷን ታጽናናለች። እናቷን ግን ታውቃታለች።

ወለተማርያም አልሄደችም። ባልዲዋን ገልብጣ ሦስተኛው ቁም ሳጥን ፊት ተቀምጣለች። ነጠላዋን ተከናንባ፣ እጆቿን እጅጌዋ ውስጥ ከታለች። ማሽኖቹን የሚያቀዘቅዘው ነፋስ ከንፈሯን አድርቆታል።

«ባትሪዬ አለቀ» አለች ቀና ብላ። «ደውለሽ ነበር?»

አክሱማዊት ዋሽታ ማምለጥ አልቻለችም። «ረሳሁሽ፣ እማዬ። ለምን አልወጣሽም?»

«እንዳትሄጂ አልሽኝ እኮ። ደግማ ብትዘጋብሽስ?»

ኮቷን አውልቃ አለበሰቻት። የእናቷን እጆች ይዛ ስታሻሽ በረዶ ሆነዋል። «እንዴት ነው ቶሎ ያወቅሻት?»

ወለተማርያም በአገጯ አመለከተች። ሰማያዊ መብራት ከሚያበራው ማሽን ላይ፣ ብልሽት ሲያጋጥም ለማን እንደሚደወል የሚናገር ነጭ ወረቀት ተለጥፏል፤ የአክሱማዊት ስምና ስልክ። የሌሎች ሰዎች ስም ያለበት የሌሎቹ ማሽኖች ወረቀት አቧራ ጠጥቷል። ይህኛው ግን ተወልውሎ ያበራል።

«ሌላውን ጽሑፍ አላነበውም» አለች። «ይቺን ስም ግን ለሕፃናት ማቆያው ለባርነሃገው፣ ለማዘጋጃ ቤቱ ለኮሙኑ፣ ለትምህርት ቤቱ ስንት ዓመት ስጽፋት ኖርኩ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሷ ነው የምጀምረው። ደህና አደርሽ እላታለሁ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከጥምቀት ወዲህ። ከዚያ በፊትማ ኮሪደሩ ላይ ስታልፊ ጫማሽን አይቼ ነበር። ወለል የሚወለውል ሰው የሚያየው ጫማ ነው። ያን ጫማ ለምርቃትሽ የገዛሁት እኔ ነኝ።»

አክሱማዊት አንገቷን ደፋች። እንባዋ በእናቷ እጅ ላይ ወረደ። «ለምን ዝም አልሽኝ?»

«አንቺ የደበቅሽውን እኔ ምን ብዬ ላውጣው? እስክትነግሪኝ ብዬ ነዋ።»

የአክሱማዊት ስልክ ጮኸ። ሄልገ ነው፤ ስኪውን አድርጎ ኔትወርክ ያለበት ጉብታ ላይ ወጥቶ ማሽኑ መጥፋቱን የሚናገረውን የማስጠንቀቂያ መልእክት አይቷል። ነፋሱ ከድምፁ ጋር ይሰማል። ማሽኑን ማን አጠፋው፣ ማን ገባ ሲል ጠየቀ።

ወለተማርያም ኖርዌይኛው ይገባታል። ከባልዲው ተነሳች፣ ጨርቋን አወጣች፣ ዞር ብላም ጀርባዋን ሰጠች፤ ልጇ የፈለገችውን እንድትል።

በጥር ኮሪደሩ ላይ ዝም ብላ ያለፈችው ያ ጀርባ ነው። አክሱማዊት እጇን እናቷ ትከሻ ላይ አደረገች።

«እናቴ ናት» አለች በኖርዌይኛ፣ ጮክ ብላ። «ወለተማርያም ትባላለች። ይህን ሕንፃ ዘጠኝ ዓመት ያጸዳችው እሷ ናት። የዘጋሁት እኔ ነኝ፤ የከፈተችው እናቴ ናት።»

ሄልገ ስለ ስህተቱ ከበዓሉ በኋላ እንነጋገራለን አለ፤ ቀጥሎም እናትሽን አመስግኚልኝ ብሎ ዘጋ።

ወለተማርያም ፊቷን ሳታዞር ያቺን ወረቀት አንድ ጊዜ ወለወለቻት። ከዚያ ጨርቋን አጥፋ ኪሷ ከተተች።

«እሺ» አለች በመጨረሻ። «አሁንስ ልሂድ?»

«አብረን ነው የምንሄደው» አለች አክሱማዊት፣ ባልዲውን አንስታ።